ከተማው ማርላን ማየት ያቆመ ጊዜ

ፔሪዶን፣ ኢንዲያና
ጁላይ 9 ቀን 1989

ለምወድህ ለኦሪን፣

ይህች ወረቀት አንተንም ባለቤትህን ሲግኔንም በጤና ትድረስባችሁ። መግቢያ መውጫችሁን ጌታ ይጠብቅ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ምንም አልል፤ አጎትህ ቢኖር ኖሮ «ጉልበትሽ እኮ ከተጋባን ጀምሮ ነው የሚያምሽ» ይለኝ ነበር።

ለድዋይት ቀብር የላክኸው አበባ ደርሶ ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄን ከቬትናም ይዞት የመጣው ሳል ሃያ ዓመት አሠቃይቶ አሠቃይቶ በመጨረሻ ወሰደው። «ሕመሙ ከጦርነቱ የመጣ ነው» ብሎ የሚፈርምለት ሰው ሳያገኝ ሞተ። በቀብሩ ቀን ግን መለከት ተነፋለት። ሆሊስ ብራንትን ታስታውሰዋለህ፤ ኮሪያ የዘመተው፣ አሁን የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ሊቀ መንበር የሆነው። ሳጥኑ ላይ የነበረውን ባንዲራ በሦስት ማዕዘን አጣጥፎ፣ በዚያ በማይታጠፍ ጉልበቱ ተንበርክኮ ለማርላ ሰጣት። ልጁ እሷ ብቻ ስለሆነች የሚገባውም ለእሷ ነበር።

የምጽፍልህ ስለ እሷ ነው። ማርላ አንተ ከአገር ስትወጣ ገና ያልተወለደች፣ እናቷ ጥላት ከሄደች ወዲህ በእኔ እጅ ያደገች፣ አሁን ሃያ ዓመት ያለፋት ልጅ ናት። በነፃነት ቀን፣ ጁላይ 4፣ ሰልፉ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ሲደርስ ከሕዝቡ መሐል ወጣች። የአባቷን ባንዲራ ሣሩ ላይ ዘረጋችው። ላምባ አፈሰሰችበት። ከዚያ ክብሪት ጫረች።

«አባቴን ወሰዳችሁ፤ ጨርቅ ሰጣችሁኝ። እንካችሁ ጨርቃችሁን!» አለች።

ሙዚቀኞቹ አቆሙ። የሰደበ የለም፤ የጮኸ የለም። ሕፃናቱ እንኳ አላለቀሱም። የወረዳው ፖሊስ አዛዥ እያዘገመ መጣና አመዱን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ኢዴላ፣ ዋሽንግተን ያሉት ዳኞች ባለፈው ወር ባንዲራ ማቃጠልም እንደ መናገር ይቆጠራል ብለዋል። እጄ ታስሯል። በይ ወደ ቤትሽ ግቢ» አለኝ። ማርላ አጠገቡ ቆማ ነበር።

ኦሪን፣ እኔ ከዳኞቹ ጋር አይደለሁም። ለአንድ ዶሮ ስርቆት ሕግ ካለ፣ ለባንዲራ ሕግ የማይኖረው ለምንድን ነው? አንተ ጦርነቱን እምቢ ብለህ ከአገር የወጣህ ነህና ማርላ ካንተ በቀር የማንንም ምክር አትሰማም። ጻፍላት። ተቆጣት።

አክስትህ ኢዴላ ክራውዘር


ጎተንበርግ፣ ስዊድን
ኦገስት 2 ቀን 1989

ለተከበሩ አክስቴ ለኢዴላ፣

ሰላምታዬ ከባሕር ማዶ ይድረስዎ። ጉልበትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ሲግኔም ሰላም ብላለች፤ ባለፈው የላኩልን የፕለም ማርማላታ አልቆ ጠርሙሱን ማጠብ አልሆነላትም፣ «ሽታው ይጠፋል» ትላለች። እኔ እንደ ድሮው ትራም ጋራዥ ውስጥ ፍሬን ስጠግን እውላለሁ።

ማርላን ተቆጣት አሉኝ። ሦስት ወረቀት ጀምሬ ቀደድኩ። እኔ ብሆን አላደርገውም ነበር፤ ይህን እርስዎም እሷም እንድታውቁት እፈልጋለሁ። ድዋይት ዘመተ፣ እኔ ሸሸሁ፤ የእሱን ሳጥን ያለበሰ ነገር ላይ እሳት ለመለኮስ እጄ አይታዘዘኝም። ነገር ግን አክስቴ፣ የሰረቀችው የሰው ባንዲራ አይደለም። የሰጧት የራሷ ነው። ሰው ሁሉ የሚወደውን ብቻ እንድንናገር የሚፈቅድ ነፃነት ከሆነ፣ እሱማ የትኛውም ንጉሥ ይሰጠናል። የሚያንገበግብ ነገር ስትናገር ካላሰሩህ ነው ነፃ መሆንህን የምታውቀው። ዳኞቹ ያሉት ይህን ይመስለኛል።

ይልቅስ አንድ ነገር ከነከነኝ። እኔ እምቢ ያልኩ ጊዜ በአባቴ ጎተራ በር ላይ በቀይ ቀለም «ፈሪ» ብለው ጽፈውበት ነበር። የሆሊስ ወንድም ቤንዚን ማደያው ላይ በጥፊ ብሎኛል። ለማርላ ግን ማን ምን አላት? ደብዳቤዎን ደግሜ ደግሜ አነበብኩት። አንድም ሰው ለእሷ አንድ ቃል አልተናገረም። እባክዎ የሰደባት ሰው ካለ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ኦሪን


ፔሪዶን
ሴፕቴምበር 17 ቀን 1989

ለኦሪን፣

ሰላምና ጸጋ ካንተ አይራቅ። በቆሎው ዘንድሮ ጥሩ ነው ይላሉ።

የሰደባት ሰው አለ ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። የለም። ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ የዘገየሁት እንዴት እንደምነግርህ ስለጠፋኝ ነው።

ኔታ ሱቅ ሄድን፣ እኔና ማርላ። ኔታን ከሕፃንነቷ ታውቃታለህ፣ ወሬ ካላወራች የምትታመም ሴት። ማርላ ዱቄቱንና ሳሙናውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች፤ «ስንት ነው?» አለች። ኔታ ፈገግ ብላ ወደ እኔ እያየች፣ «ኢዴላ፣ እንዲህ ብቻሽን ዕቃ እየተሸከምሽ! ሰው ልላክልሽ እንጂ» አለችኝ።

«ኧረ ማርላ አለች አይደል» አልኳት።

ኔታ ክንዴን ዳበስ አደረገችኝ። አስተያየቷ የልብ ነው፣ ክፋት የለበትም። «አይዞሽ የእኔ እናት፣ ጊዜ ይጠግነዋል» አለችኝ።

ማርላ ሳቀች። መኪናው ውስጥም ስትስቅ ነበር፤ «እንደ ጂኒ አደረጉኝ እኮ አያቴ!» እያለች። በሚቀጥለው ሳምንት ግን የምትሠራበት የአረጋውያን ቤት የሥራ ሰሌዳ ላይ ስሟ የለም። አላባረሯትም። ኃላፊዋ ቢሮ ገብታ ብትጠይቅ ሴትየዋ ተነስታ መስኮቱን ከፈተችና ተመልሳ ተቀመጠች።

ከዚያ ደግሞ ምግብ መምጣት ጀመረ። ደህና ጎረቤት ለሐዘን ቤት እንደሚያመጣው፤ የድንች ትሪ፣ በጨርቅ የተሸፈነ ኬክ። በረንዳው ላይ አስቀምጠውልኝ ይሄዳሉ። «ለማን ነው?» ስላቸው አንገታቸውን ደፍተው እጄን ይጨብጡኛል።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግቢው ውስጥ ባንዲራ ተተክሎ አገኘን። እነዚያ ትንንሾቹ፣ በየዓመቱ በዘማቾች መቃብር ላይ የሚሰካው ዓይነት። በአጥሩ ሥር ተደርድሯል። ረቡዕ ዕለት ልብስ ላሰጣ ወጥቼ ስመለስ አንድ መስመር ወደ ቤቱ ቀርቦ ተጨምሯል። አንድም ሰው ሲተክል አላየሁም፤ ውሻውም አልጮኸም። ማርላ ልትነቅል ጎንበስ አለችና እጇን መለሰች። «ከነቀልኩት ደግሞ ባንዲራ ነቀለች ይሉኛል» አለች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ቢሉኝ ምናለ» አለች።

ቢሉኝ ምናለ። ይህን ስትል የነበረው ፊቷ ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ።

ቁጣህን ተወው። ሰላምታ ላክላት፣ በስሟ።

ኢዴላ


ጎተንበርግ
ኦክቶበር 8 ቀን 1989

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንዴት ሰነበቱ። ደብዳቤዎን ለሲግኔ ተርጉሜ ሳነብላት ተነስታ በሩን ቆለፈችው። ለምን እንደቆለፈችው ራሷም አታውቅም።

ማርላ ወደ እኛ ትምጣ። አንድ ትርፍ ክፍል አለችን፤ ወደቡ ይታያል። ቋንቋውን እንደ እኔ ትለምደዋለች፣ ቢያንስ እዚህ ሲቆጧት ባይገባትም ይሰማታል። በጋዜጣ እንዳየሁት ደግሞ ዋሽንግተን ውስጥ ባንዲራ የሚያቃጥል እንዲታሰር አዲስ ሕግ ሊያወጡ ነው። እውነቱን ልንገርዎ? ሕጉን እቃወማለሁ፤ ግን ያ ሕግ በጁላይ ኖሮ ማርላ ታስራ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ያህል አልፈራላትም ነበር። እስረኛ ስም አለው። ይጠሩታል፣ ይፈርዱበታል፣ ጠበቃ ይከራከርለታል። እነዚህ ሰዎች ምን እያደረጓት እንደሆነ ስም አጣሁለት።

ከዚህ ጋር ለእሷ ለብቻዋ የጻፍኩት አለ። እባክዎ በገዛ እጇ አንድ መስመር ጽፋ ትመልስልኝ። «አለሁ» ብቻ ብትል ይበቃል።

ልጅዎ ኦሪን


ፔሪዶን
ዲሴምበር 3 ቀን 1989

ለተወደድከው ኦሪን፣

የጌታ ሰላም ካንተና ከቤትህ ጋር ይሁን። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ገብቷል። ጎረቤቶቼ ማገዶ ፈልጠው ከምረውልኛል፤ እንደዚህ ያለ ደግ ሰው ያለበት ከተማ የት ይገኛል?

ስለ ክፍሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ግን አሁን አያስፈልግም።

ኖቬምበር ላይ ቤተ ክርስቲያናችን እንደየዓመቱ በዓመቱ ውስጥ ያረፉትን በስም እየጠራች አስባለች። ለእያንዳንዱ ስም ደወል ይደወላል። የድዋይት ስም ተጠራ፣ ተደወለ። ቀጥሎ የማርላ ስም ተጠራ፣ ተደወለ። መዘምራኑ በጣም አማረባቸው። ኔታ መሐረብ አቀበለችኝ።

የፕለም ማርማላታ ትወድ ነበር። አንድ ጠርሙስ ልኬልሃለሁ።

ድዋይት ድሮ የላከልህ የሕፃንነት ፎቶዋ ካለህ መልሰህ ብትልክልኝ ደስ ይለኛል። ግድግዳው ላይ የነበሩት የት እንደገቡ አላውቅም።

አክስትህ ኢዴላ


ጎተንበርግ
ጃንዋሪ 5 ቀን 1990

አክስቴ፣

ለሰላምታ ጊዜ የለኝም፤ ይቅር ይበሉኝ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከገና በኋላ ነው። ማርላ ሞተች ብዬ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሲግኔ ሻማ አበራች። ከዚያ ሲግኔ፣ «በምን ሞተች? አክስትህ እኮ አልጻፉም» አለችኝ። ደግሜ አነበብኩት። እውነትም ሞተች የሚል ቃል የለበትም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ስልክ ደወልኩ። ያስታውሱታል? አነሱት። «አክስቴ፣ ማርላ የት ናት?» አልኩ። በደህና ድምፅ፣ «እዚህ ቤት ብቻዬን ነኝ ልጄ» አሉኝ። ከጀርባዎ ሳህን ይታጠብ ነበር። የውኃው ድምፅ ይሰማኛል። ከዚያ ውኃው ቆመና አንዲት ሴት፣ «አያቴ፣ ማነው?» አለች።

እርስዎ አልመለሱላትም። «በል ደህና ሁን፣ መስመሩ ውድ ነው» ብለው ዘጉት።

ፎቶውን አልክም። ፎቶ ለሞተ ሰው ነው። አክስቴ፣ ይንገሩኝ፦ ከጀርባዎ ማነው ብላ የጠየቀችው ማን ናት?

ኦሪን


ፔሪዶን
ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1990

ልጄ ኦሪን፣

እግዚአብሔር ዕድሜህን ያርዝመው። እንዴት አድርጌ እንደምጀምር አላውቅም፣ ስለዚህ ከደብዳቤህ ልጀምር።

ዓይኔ ስለደከመ ሁልጊዜ ጮክ ብዬ ነው የማነበው፤ መነጽሩም አልረዳኝ ብሎ አንገቴን ወረቀቱ ላይ ደፍቼ እየተንተባተብኩ፣ «ከጀርባዎ ማነው ብላ የጠየቀችው ማን ናት» የሚለው ጋ ደረስኩ። ያኔ ከጀርባዬ አንድ ነገር ሲተነፍስ ሰማሁ። ለመዞር ፈራሁ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ልጄ ልጅ ፈራሁ።

ዞርኩ። ማርላ ናት። የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ከስታለች። የአባቷን ሹራብ ለብሳለች። ለስንት ጊዜ እንደዚያ ስትቆም እንደከረመች አላውቅም።

«ማርላ!» ብዬ ጮህኩ። አልመለሰችም። ከንፈሯን አንቀሳቀሰች እንጂ ድምፅ አልወጣትም። ሄጄ ጨበጥኳት፣ እጇ ቀዝቃዛ ነው፤ ሥጋ መሆኗን ለማወቅ ነክሼ ልያት አማረኝ። «ማርላ፣ የኔ ማርላ፣ ማርላ» እያልኩ ቤቱን በስሟ ሞላሁት። በመጨረሻ እንደተኛ ሰው ድምፅ፣ «አያቴ፣ ታይኛለሽ?» አለችኝ።

ልንገርህ፣ እንዴት እንደሆነ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። በክፉ ቢመጡብኝ እጣላቸው ነበር፣ ታውቀኛለህ። ግን «አይዞሽ» ሲሉኝ፣ ሲያቅፉኝ፣ ማገዶ ሲፈልጡልኝ፣ ሐዘንተኛ መሆን ደላኝ። ሰው በሙሉ አንድ ነገር የለም ካለህ፣ አለ እያሉ መኖር አድካሚ ነው። ያን እሑድ ደወሉ ሲደወልላት አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ እጄን ይዛኝ ነበር። እኔ የሰው እጅ እንደያዘኝ ረስቼ መሐረብ ተቀበልኩ። በኋላ ለእራት አንድ ሳህን ማቅረብ ጀመርኩ። እሷም መጀመሪያ «አያቴ፣ የኔስ?» ትል ነበር። ከዚያ ማለት ተወች። ለአንተ «አለሁ» ብላ የጻፈችውን ወረቀት ፖስታ ቤት ወስዳ ነበር። ሰውየው በሷ ላይ አሻግሮ «ቀጣይ» አለ።

አሁን ሁለት ሳህን ነው የማቀርበው። ባንዲራዎቹ በረንዳው ደረጃ ሥር ደርሰዋል። በረዶ ስለለበሱ ጫፋቸው ብቻ ነው የሚታየው።

ሂጂ ስዊድን አልኳት። «እዚያ ከሄድኩማ እውነትም ሞቻለሁ» አለችኝ።

ምን ላድርግ ኦሪን?

ኢዴላ


ጎተንበርግ
ማርች 4 ቀን 1990

ለተከበሩ አክስቴ፣ ለማርላም፣

ሁለታችሁንም አቅፌ ስሜያችኋለሁ። ማርላ፣ በዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ይህን እየሰማሽ ከሆነ፦ ድምፅሽን ሰምቼዋለሁ። ውቅያኖስ ተሻግሮ ደርሶኛል። የአባትሽን ድምፅ ይመስላል።

አክስቴ፣ ምን ላድርግ ብለውኛል። ከሩቅ ሆኖ ምክር ቀላል ነው፣ ቢሆንም አንድ ነገር ልበል። ይቅርታ አትለምኑ። ይቅርታ የሚደረገው ለሚታይ ሰው ነው። ይልቅስ በከተማው ውስጥ በዚያ ባንዲራ ጉዳይ ከሁሉ የበለጠ አንጀቱ የተቃጠለው ማን ነው? ወደ እሱ ሂዱ። እነ ኔታ የተቆጡ አይመስለኝም፤ ጉዳዩን ጨርሰውታል። አሁንም የሚነደው ሰው ግን ቢያንስ የሚነድበት ሰው ያስፈልገዋል።

በጎተራችን በር ላይ «ፈሪ» ብለው የጻፉትን ቀለም አባቴ እስኪሞት ድረስ አልፋቀውም ነበር። ያኔ አልገባኝም ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ቢያንስ የሆነ ሰው ቀለም ገዝቶ እዚያ ድረስ መጥቶ ነበር።

ልጅዎ ኦሪን


ፔሪዶን
ጁላይ 1 ቀን 1990

ለምወድህ ለኦሪን፣ ለሲግኔም፣

ፀሐዩ እንደ እናንተ አገር ለዘብ ያለ ይሁንልን፤ እዚህ እንደ ምድጃ ነው። አራት ወር ዝም አልኩህ። የምነግርህ ነገር እስኪኖረኝ ነው።

ከሁሉ የተቃጠለው ማን ነው ያልከውን ሳወጣ ሳወርድ ሆሊስ ብራንት ሆኖ አገኘሁት። እሱ ምግብ አላመጣልኝም፤ «አይዞሽ» አላለኝም። በዚህ ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ካየን አቅጣጫ ይለውጥ ነበር። ሌሎቹ ማርላን አሻግረው ያያሉ፤ እሱ ግን የሚሸሸው አይቷት ነው።

ጁን ላይ፣ ዳኞቹ አዲሱንም ሕግ የጣሉት ሰሞን፣ የከተማው ምክር ቤት የእሳት አደጋው አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ጠራ። ባንዲራ ማቃጠል በሕገ መንግሥቱ ራሱ እንዲከለከል ፔሪዶን ድጋፏን ትስጥ ወይስ አትስጥ በሚል። ጥያቄውን ያቀረበው ሆሊስ ነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። እኔና ማርላ ስንገባ ሰው ለእኔ ቦታ ለቀቀልኝ፣ አንድ ወንበር።

ሰብሳቢው «ተቃዋሚ ካለ» ሲል ማርላ ተነሳች። «እኔ አለሁ» አለች። ድምፅዋ ደህና አድርጎ ይሰማል።

«ተቃዋሚ ስለሌለ» አለ ሰብሳቢው።

«አለሁ አልኩኝ እኮ!»

ማንም ዞር አላለም። ሕፃናት እንኳ። ኦሪን፣ ይህን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ አለመስማቱን ማየት ምን እንደሚመስል ልነግርህ አልችልም። እኔ ራሴ ለአፍታ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ የተናገረ ሰው መኖሩን ተጠራጠርኩ። ስለዚህ ተነሳሁ።

«እኔ ከሆሊስ ጋር ነኝ» አልኳቸው። «ባንዲራ አይቃጠልም። ያን ቀን ብደርስባት በጥፊ አጮላት ነበር። ግን በሕግ መከልከል ለምን ትደክማላችሁ? እናንተ እኮ ሕግ አያስፈልጋችሁም። ልጅቷን በቁሟ ቀብራችኋታል። ደወል ደውላችሁላታል። እኔንም አብሬ እንድቀብራት አድርጋችሁኛል። ሆሊስ ብራንት! አንተ ቀና በል። ይቺ የቆመችው ማን ናት?»

ሆሊስ መሬት መሬት ያያል።

«ኢዴላ፣ ደክሞሻል፣ ተቀመጪ» አለች ኔታ በዚያ በደግ ድምፅ።

«አልጠየቅኩሽም። ሆሊስ፣ ማን ናት?»

ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ፤ እንደዚያ ነው የተነሳው። ጣቱን ማርላ ላይ ቀሰረ። «ባለጌ!» ብሎ ጮኸ። መስኮቶቹ የረገፉ መሰለኝ። «አንቺ ባለጌ! በእነዚህ እጆቼ ነው ያጣጠፍኩት! ጉልበቴን ታውቂዋለሽ፣ ሁለት ሰው ደግፎ ነው ያነሳኝ! ኮሪያ የሞቱትን ጓደኞቼን በዚያ ጨርቅ ነው የሸፈንኳቸው፣ ፊታቸውን ዝንብ እንዳይወርረው! አንቺ ላምባ አፈሰስሽበት! ለአባትሽ ክብር ነው የሰጠሁሽ፣ ለድዋይት!»

ማርላ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። የተሰደበች ሰው አልቅሳ እንዲህ ፊቷ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

«ለአባቴ ከሆነ» አለች፣ «በሕይወቱ እያለ የት ነበራችሁ? ሃያ ዓመት ደም ሲያስል አንድ ወረቀት የሚፈርም ጠፋ። ሲሞት ግን መለከት! እርስዎ አቶ ሆሊስ፣ አንድ ቀን ጠይቀውት ያውቃሉ?»

«አላውቅም!» አለ ሆሊስ፣ አሁንም እየጮኸ። «አላውቅም፣ እና አፍሬበታለሁ! ግን ያ ባንዲራ እኔ ማለት አይደለም! የእኔን ጥፋት ለምን በእሱ ላይ!»

«ሌላ የምታዩት ነገር ስላልነበረ! ስንት ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ስንት በር አንኳኳሁ፣ ማን ሰማኝ? ያን ስለኩስ ብቻ ነው ቀና ያላችሁት!»

«እኔስ ሰምቼሻለሁ! ዓመቱን ሙሉ አላስተኛሽኝም!»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

ሆሊስ አፉን ከፈተ። አዳራሹን ዙሪያውን አየ፣ የሆነ ሰው እንዲያግዘው። የሚያየው ሰው አልነበረም። ሰብሳቢው ወረቀቱን እያገላበጠ፣ «እንግዲህ ድምፅ እንስጥ» አለ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ። እጅ ወጣ። ድጋፉ በሙሉ ድምፅ አለፈ። የሆሊስም እጅ ወጥቶ ነበር፤ ሰብሳቢው ሲቆጥር ግን በጣቱ ዘለለው። አየሁት።

በማግስቱ ዋሽንግተን ያሉት የሕዝብ እንደራሴዎች ደግሞ የሚያስፈልገውን ያህል ድምፅ ሳያገኙ ቀሩ፣ ነገሩ ወደቀ ሲል ሬዲዮኑ ተናገረ። ይህን ስሰማ በረንዳው ላይ ሰው ደረጃውን ሲወጣ ሰማሁ፤ አንድ እግሩን እየጎተተ። ሆሊስ ነው። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ኢዴላ፣ ኔታ ሱቅ ሄጄ ነበር» አለኝ። «ትምባሆ ስጪኝ አልኳት። መደርደሪያውን መጥረግ ቀጠለች። ባንኮኒውን በቡጢ መታሁት። ዞር ብላ፣ ‘ነፋሱ ዛሬ በረታ’ አለች።» ባርኔጣውን አገላበጠና፣ «አርባ ዓመት ነው የማውቃት» አለ።

ማርላ ከኋላዬ መጥታ በሩን ከፈተችው።

«ይግቡና ይቀመጡ» አለችው።

ገብቶ ተቀመጠ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ትክክል ነሽ ማለቴ እንዳይመስልሽ» አለ።

«እኔም ትክክል ነዎት አላልኩም» አለች ማርላ፣ ወንበሯን ወደ እሱ እያቀረበች።

ይህን የምጽፍልህ ከወጥ ቤት ሆኜ ነው። ሳሎን ውስጥ ድምፃቸው ጣሪያ ደርሷል። እሱ «ባንዲራ ደም ነው» ይላል፤ እሷ «ደም የነበረው አባቴ ነው» ትላለች። ሾርባው በርዷል። ልጠራቸው አልደፈርኩም።

አክስትህ ኢዴላ